የእንጦጦ ሸንተረር፦ መንገዱን የጠበቀ ውኃውን ይጠብቃል

አዲስ አበባ፦ በልደታ ክፍለ ከተማ ከፍ ካለ ሕንጻ ላይ ሆኖ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው አድማሱን የሚዘጋው የእንጦጦ ሸንተረር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺሕ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ከልደታ በአየር መስመር ቢለካ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ግን መሬቱ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ወደ ከተማው ለመድረስ ብዙ ጊዜ የማይፈጅበት ምክንያት ይኸው ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስለ እንጦጦ የሚሰማው ዜና በአብዛኛው የመዝናኛ ዜና ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ለሕዝብ ክፍት ሆነ፤ የእግር መንገዶች፣ የብስክሌትና የፈረስ መጋለቢያዎች፣ ምግብ ቤቶችና ማረፊያዎች ተሠሩ። በበዓልና በሰንበት ቀን ቤተሰቡን ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣው የከተማ ነዋሪ ብዙ ነው። ይህ በጎ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሸንተረሩ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት የውኃ ማማና የብዙ ሰዎች የዘወትር መተላለፊያ ነበር፤ ዛሬም ነው።

ይህ ትንታኔ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራል። የተራራው የእግር መንገድና የተራራው ውኃ ተለያይተው የሚታዩ ነገሮች አይደሉም። ስለ መንገዱ የሚወሰነው ውሳኔ ሁሉ በአንድ ወገን እስከ ሱሉልታ ገበሬ ማሳ፣ በሌላው ወገን እስከ ልደታ ነዋሪ ደጃፍ ይደርሳል። ነገሩን ለመረዳት ግን ከመንገዱ በፊት መንገዱ ካረፈበት ዐለት መጀመር ያስፈልጋል።

ደረጃ ሆኖ የቀረው እሳት

የኢትዮጵያን ደጋ የሠራው ታሪክ የሚጀምረው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ዘመን ምድር በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ፣ ከውስጧ የወጣው የቀለጠ ዐለት አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ሰፊ አገር ሸፈነ። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች የመጀመሪያው ስፋቱ ከ600 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንደነበረና ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይገምታሉ። አብዛኛው የፈሰሰውም 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ይህም በምድር ዕድሜ ሲለካ አጭር ጊዜ ነው። የሰሜን ተራሮች፣ የላስታ ገደሎችና የሰሜን ሸዋ አፋፎች የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

እንዲህ ያለው የተነባበረ የባዛልት ዐለት በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ‹‹ትራፕ›› ይባላል። ቃሉ ከስዊድን ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን መነሻው ደረጃ የሚል ትርጉም ያለው ነው። ለምን ደረጃ እንደተባለ ለኢትዮጵያ ገበሬ ብዙ ማስረዳት አያሻም። ከደጀን ተነሥቶ ወደ አባይ በረሃ የወረደ መንገደኛ ከአፋፉ በታች ጥቁሩ ዐለት እንደ ደረጃ ተደርድሮ አይቷል፤ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሜዳ፣ ከሜዳው በታች እንደገና ገደል።

የዚህ አሠራር ምስጢር በእያንዳንዱ ንብርብር ውስጥ ይገኛል። የቀለጠው ዐለት ሲቀዘቅዝ መሃሉ ጠጣርና ጥብቅ ይሆናል፤ አናቱ ግን ቀዳዳ የበዛበትና ቶሎ የሚበሰብስ ነው። በአንዱ ፍሰትና በቀጣዩ መካከል ረጅም ዘመን ባለፈበት ቦታ ደግሞ የዚያ ዘመን አፈር በቀይ ሸክላ መልክ ተቀብሮ ይገኛል። ጠጣሩ ክፍል ቀጥ ብሎ ሲቆም ገደል ይሆናል፤ የበሰበሰው ክፍል እየተሸረሸረ ሜዳማ እርከን ይሠራል። ዝናቡ በጠጣሩ ዐለት ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርግና ውኃ በቀላሉ ከማያሳልፈው ሸክላ ሲደርስ ወደ ጎን ሄዶ በገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

በደጋው አገር ማሳውና መንደሩ በእርከኑ ላይ፣ ምንጩ በገደሉ ግርጌ፣ መንገዱም ገደሉ በተሰነጠቀበት በር በኩል የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም። አባቶች የሥነ ምድር ትምህርት ሳይኖራቸው የዐለቱን ጠባይ አንብበው ሰፍረዋል። መንገድ ወደ ምንጭ ይወስዳል፤ ምንጭ ደግሞ ዐለቱ በፈቀደለት ቦታ ይፈልቃል።

እንጦጦ የዚህ ታላቅ ንብርብር ታናሽ ነው። ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በባዛልቱ ላይ ትራካይትና ራዮላይት የተባሉ ቀለማቸው ነጣ ያለ ጠጣር ዐለቶች ተጭነውበታል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ የሚታየው በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ የምድር ስብራት ስላለ ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት የደቡቡ ወገን ሲሰምጥ የሰሜኑ ወገን ከፍ ብሎ ቀረ። ስለዚህ ተራራው ከከተማው በኩል ሲታይ እንደ ግድግዳ የቆመ ነው፤ ከሱሉልታ ሜዳ በኩል ሲታይ ግን ቁልቁለቱ ይለዝባል።

የከተማው ሰው ደግሞ ባዛልትን በሌላ ስሙ ያውቀዋል። ለቤት መሠረት የሚጫነው ጥቁር ድንጋይ፣ ለኮንክሪት የሚፈጨው ጠጠር፣ በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን አብዛኛው ከዚሁ የዐለት ወገን የተገኘ ነው።

አንድ ሸንተረር፣ ሁለት ተፋሰስ

በእንጦጦ አናት ላይ የጣለ ዝናብ ዕጣው የሚወሰነው በጥቂት ርምጃ ልዩነት ነው። ወደ ደቡብ ያዘነበለው በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔ፣ በቁርጡሜና በሌሎች ጅረቶች ከተማውን ሰንጥቆ ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያም አዋሽን ተቀላቅሎ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ይቀራል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ አባይ ይገባል። አንዱ ደመና ያዘነበው ውኃ ከፊሉ በረሃ ያጠጣል፤ ከፊሉ ከአባይ ጋር አገር ያቋርጣል።

ከከተማው በስተምዕራብ የሚወርደው ትንሹ አቃቂም ከገባሮቹ ጋር በልደታና በአጎራባቾቿ ሰፈሮች በኩል ያልፋል። እነዚህ ወንዞች በበጋ ቀጥነው የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው ሲሄዱ የሚያያቸው ሰው ተራራ የወለዳቸው መሆናቸውን ሊዘነጋ ይችላል። ክረምት ሲገባ ግን ራሳቸው ያስታውሱታል።

የውኃው ጉዳይ ከጎርፍም ያልፋል። አዲስ አበባ ዛሬ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች የጉድጓድ መስኮች ነው። ለወደፊቱ ፍላጎት ታስበው ለዓመታት ሲጠኑ የቆዩት የገርቢና የሲቢሉ ግድቦች ግን የሚገኙት ከሸንተረሩ ሰሜን፣ በአባይ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ዕቅዱ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ የልደታ ነዋሪ ቧንቧ ከሸንተረሩ ማዶ ባለው ገበሬ የአፈር አያያዝ ላይ ይመሠረታል ማለት ነው። በማሳው ላይ የተጠበቀ አፈር ግድቡን ከደለል ያድናል፤ የተለቀቀ አፈር ግን የግድቡን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሸንተረሩ የአስተዳደርም ወሰን ነው። ደቡባዊው ገጽ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥር ሲሆን፣ ሰሜናዊው በኦሮሚያ ክልል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ሱሉልታን በጠቀለለው በሸገር ከተማ ሥር ይገኛል። ውኃና እግረኛ ግን የአስተዳደር ካርታ አይጠይቁም። አንዱ ወገን ዛፍ ሲተክል ሌላው ቢቆርጥ፣ አንዱ መንገድ ሲጠርግ ሌላው ጎርፉን ቢለቅበት፣ የሁለቱም ድካም ከንቱ ይሆናል።

በሸንተረሩ ላይ የሚሄዱት

የእንጦጦ ዱካዎች በፓርኩ አልተጀመሩም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መናገሻቸውን በዚህ ተራራ ላይ ሲያደርጉ ስፍራው የተመረጠው ለመከላከል የሚያመች ከፍታ በመሆኑ ነበር። ነገር ግን ብርዱ ጸና፤ ውኃና ማገዶም አነሰ። እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃውን አካባቢ ወደዱና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ግን እዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ከተራራው ወደ ታች የወረደች ከተማ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ጎዳናዎቿም ከዚያ የሚወርዱ ዱካዎች ነበሩ።

ዛሬ እግረኛው በብዛት የሚጀምረው ከሽሮ ሜዳ ነው። አቀበቱን ጨርሶ እንጦጦ ማርያም ሲደርስ የቤተ መንግሥቱንና የቤተ ክርስቲያኑን ቅርስ ያገኛል። ከዚያ የሸንተረሩን ጀርባ ይዞ ወደ ቅዱስ ራጉኤል የሚሄድ መንገድ አለ። 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ የኅዋ ምርምር ማዕከልም በዚሁ ከፍታ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ከየካ በላይ፣ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። በምዕራብ በኩል ደግሞ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ፤ በዚያ ባሕር ዛፍ እየተነሣ አገር በቀል ዛፎች እየተተኩ ነው።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚሄዱት አምስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። ምእመናን ወደ አድባራቱና ወደ ጸበሉ ይወጣሉ። ሯጮች ከንጋት ጀምሮ ይሠለጥናሉ፤ በ3 ሺሕ ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰውነታቸው በጥቂት ኦክስጅን መሥራትን ይለምዳል። የሱሉልታና የአካባቢው ገበሬ ወተቱን፣ ድርቆሹንና እንጨቱን ይዞ ወደ ከተማ ይሻገራል። ጎብኚው ለመዝናናት ይወጣል። አምስተኛዎቹ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው።

የእነዚህ ሴቶች ታሪክ ከተራራው ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ከ30 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሸክም በጀርባቸው አዝለው ያንን ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ የሚያገኙት ገንዘብ ግን የዕለት ጉርስ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ከመካከላቸው የተወሰኑት ተደራጅተው ወደ ሽመና የተሸጋገሩ አሉ። የተቀሩት እስከ ዛሬ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የተራራውን ዱካ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ሲሆኑ፣ ስለ ዱካው በሚደረግ ምክክር ላይ ድምፃቸው ብዙም አይሰማም።

ባሕር ዛፍ ያቆማት ከተማ

አዲስ አበባ ገና በጨቅላነቷ በማገዶ እጦት ልትፈርስ ደርሳ ነበር። የእንጦጦ የጽድ ደን በቤት መሥሪያና በማገዶ አልቆ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። ከተማዋን ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ ገብቶ የተተከለው፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት የሚደርስ፣ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ፣ ከብት የማይበላው ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና አጣና ሰጣት። ለብዙ ገበሬም ከእህል ቀጥሎ የሚሸጠው ሀብት ሆነለት።

ባሕር ዛፍን በደፈናው ጠላት ማለት ስለዚህ ውለታ መዘንጋት ነው። ችግሩ ያለው ዛፉ በተተከለበት ቦታና በአያያዙ ላይ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ዕፅዋት በቀላሉ አይበቅልም። የወደቀው ቅጠል ደግሞ ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ ደን የሚመስለው ቁልቁለት ከሥሩ ራቁቱን የቀረ አፈር ሊሆን ይችላል። የዝናብ ጠብታ በሣርና በብስባሽ ላይ ሲወድቅ ይሰርጋል፤ በራቁት አፈር ላይ ሲወድቅ ግን አፈሩን ይዞ ይሮጣል። የጽድ፣ የኮሶ፣ የወይራና የጥቁር እንጨት ደን ከዛፉ በተጨማሪ ከሥሩ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ ይዞ ስለሚኖር ለውኃ ይመረጣል።

ዱካው ቦይ ሲሆን

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ሰው ሲቸኩል ቁልቁለትን በቀጥታ ይወርዳል። በየቀኑ ብዙ እግር ሲረግጠው ሣሩ ይጠፋል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ዱካው ከአካባቢው መሬት ዝቅ ይላል። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ የተዘጋጀ ቦይ አገኘ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት እግረኛው ጭቃውን ሸሽቶ በጎን ሌላ ዱካ ያወጣል፤ በሦስተኛው ዓመት ሁለቱ ዱካዎች ተገናኝተው ቦረቦር ይሆናሉ። ገበሬው ይህን በግጦሽ መሬቱና በከብት መንጃው ላይ አይቶታል። በተራራ ላይም የሚሆነው ያው ነው።

የውኃውን መጠን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በ1 ሄክታር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 10 ሺሕ ሊትር ውኃ ይሆናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ በዚያች 1 ሄክታር ላይ 300 ሺሕ ሊትር፣ ማለትም 15 ሺሕ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ወረደ ማለት ነው። ይህ ውኃ በአፈር ውስጥ ቢሰርግ ከወራት በኋላ ምንጭ ሆኖ ይመለሳል። በዱካና በቦረቦር ተሰብስቦ ቢሮጥ ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከተማ ይገባል። ጎርፍና የበጋ ጥም የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ በክረምት ያልሰረገ ውኃ በበጋ አይገኝም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት በደረሰው ጎርፍ ሰባት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ለእንዲህ ያለው አደጋ ተራራውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ስህተት ነው። የከተማው መሬት በአስፋልትና በኮንክሪት መሸፈኑ፣ የጎርፍ ማስወገጃዎች በቆሻሻ መደፈናቸው፣ ቤቶች ከወንዝ አፋፍ ላይ መሠራታቸው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም በከተማው ውስጥ የቱንም ያህል ሰፊ ቱቦ ቢቀበር፣ ከላይ የሚመጣው ውኃ ፍጥነቱ ካልተገታ የታችኛው ሥራ ሁልጊዜ ከኋላ ይቀራል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ባሉት ወንዞች ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት ያለመ ነበር። ከዚያ ወዲህም የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ከኮሪደር ልማቱ ጋር ቀጥሏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ መበከልን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ሁሉ የሚያተኩረው በወንዙ ዳር ነው። ወንዙ የሚጀምርበት ቁልቁለት ተመሳሳይ ትኩረት ካላገኘ የተዋበው ዳርቻ በየክረምቱ ደለል ሲጠርግ ይኖራል።

ከሰሜን ተራሮችና ከባሕር ማዶ

ተራራን ለእግረኛ የመክፈት ልምድ በአገራችን አዲስ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ከ4 ሺሕ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ራስ ደጀን የሚወስደው ጉዞ የትራፕ ዐለት ደረጃዎች በግልጽ የሚታዩበት፣ በዓለም የታወቀ የእግር መንገድ ነው።

የሰሜን ተራሮች ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ጎብኚው ያለ አስጎብኚና ያለ ጠባቂ ጉዞ ስለማይጀምር፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ከመንገዱ ገቢ ያገኛሉ። መንገዱ ለአካባቢው ሰው እንጀራ ሆነ ማለት ነው። በሌላ በኩል ቅርሱ በእርሻ፣ በግጦሽና በዱር እንስሳት መመናመን ምክንያት በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚህ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ተራራው ሲያገግም ዋጋ የከፈለ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትና የጸጥታ ችግር ደግሞ የጎብኚውን ፍሰት ክፉኛ ስላቀነሰው በመንገዱ የሚተዳደሩት ቤተሰቦች ችግር ላይ ወድቀዋል። ሰላም የሌለበት የእግር መንገድ ገቢ የለውም፤ በጎብኚ ብቻ የሚተማመን ኑሮም እንዲሁ አስተማማኝ አይደለም።

ከባሕር ማዶ የሚጠቀስ ምሳሌም አለ። በአሜሪካ በኮኔቲከትና በማሳቹሴትስ ግዛቶች ሜታኮሜት የተባለ የትራፕ ዐለት ሸንተረር አለ፤ ከእንጦጦ እጅግ ያነሰ ከፍታ ያለው፣ በእርሻዎችና በከተሞች መካከል የሚያልፍ ነው። በጀርባው የሚሄደው የእግር መንገድ በ2001 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዕውቅና አግኝቷል። መንገዱ በብዙ ቦታ የሚያልፈው በግል ይዞታዎች ውስጥ በባለይዞታዎቹ ፈቃድ ነው፤ ጥገናውንም በአብዛኛው የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት መንገድ እንዲቆይ አጥር ሳይሆን ስምምነት እንደሚያስፈልገው ነው።

የገበሬው ዕውቀት በተራራው ላይ

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ ዕውቀት አይጠይቅም። የሸዋ፣ የወሎና የጎጃም ገበሬ በየዓመቱ በበጋ በተፋሰስ ልማት ሥራ ላይ እርከን ይሠራል፣ የጎርፍ መቀልበሻ ይቆፍራል፣ ቦረቦር በድንጋይና በሽቦ ያስራል። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እርከኑ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእግር መንገድ በመሠረቱ ሰው የሚሄድበት ጠባብ እርከን ነው። በዓለም ላይ የተራራ መንገድ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚከተሉት ሕግም ከእርከን ሕግ አይለይም፦ የመንገዱ ዳገት ከተራራው ጎን ዳገት ከግማሽ አይብለጥ፤ መንገዱ ወደ ውጭ በትንሹ ያዘንብል፤ ውኃው በየጥቂት ርቀቱ ከመንገዱ ይውጣ፤ ቁልቁለቱ ሲጸና ጥቁር ድንጋይ ደረጃ ሆኖ ይቀመጥ። ይህን ሥራ ከሱሉልታ ገበሬ ወይም ከሰሜን ሸዋ የእርከን ሠሪ በተሻለ የሚሠራው ማን ነው?

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን ማንሣት ይቻላል። አንደኛ፣ በሸንተረሩ ሁለት ወገን ያሉት አስተዳደሮች ተራራውን እንደ አንድ ተፋሰስ የሚያዩበት የጋራ ዕቅድ ያስፈልጋቸዋል። አንዱ የሚተክለውን፣ የሚከልለውንና የሚጠርገውን ሌላው ማወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ከመዝናኛው ከሚገኘው ገቢ የታወቀ ድርሻ ለቁልቁለቱ ጥበቃ፣ ለእርከን፣ ለአገር በቀል ችግኝና ለመንገድ ጥገና ሊመደብ ይገባል፤ ሥራውም ለአካባቢው ገበሬና ለእንጨት ተሸካሚ ሴቶች ቋሚ የቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ያንን ሸክም የሚያወርድላት ሌላ እንጀራ ያላገኘችን ሴት ከደን ማባረር ደኑን አያድነውም፤ ሌሊት እንድትሄድ ብቻ ያደርጋታል።

ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፉ የሚተካ ከሆነ በደረጃና በጥንቃቄ ይተካ። ቁልቁለቱ በአንድ ጊዜ ቢራቆት ከባሕር ዛፉ የባሰ ጉዳት ይደርሳል። ገበሬው የአጣና ገቢውን እንዳያጣም ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከገደል ርቆ በተመረጠ መሬት ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል። አራተኛ፣ ነባሮቹ ዱካዎች መብት ይኑራቸው። ምእመኑ፣ ሯጩ፣ ገበሬውና ተሸካሚዋ ከፓርኩ በፊት የነበሩ መንገደኞች ናቸው፤ አዲስ ግንባታ ነባሩን መንገድ ሲዘጋ እግረኛው አይቀርም፣ በገደል በኩል አዲስ ዱካ ያወጣል፤ ያ ዱካ ደግሞ የነገው ቦረቦር ነው።

ተጓዡም የድርሻው አለበት። በተሠራው መንገድ ብቻ መሄድ፣ አቋራጭ አለመፍጠር፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መመለስ፣ በክረምት ጭቃ ባለበት ወቅት የሣር ተዳፋትን አለመርገጥ ቀላል ነገሮች ይመስላሉ። ነገር ግን ተራራው ላይ የተጣለው ጠርሙስ ጅረቱን ይዞ ወርዶ የልደታን ቱቦ የሚደፍነው ያው ጠርሙስ ነው።

እንጦጦ ከእሳት የተሠራ፣ በስብራት የቆመ፣ በውኃ የሚቀረጽ ተራራ ነው። እሳቱንና ስብራቱን የሰው እጅ አላደረሰበትም፤ ውኃው የሚሄድበትን መንገድ ግን በየቀኑ የምንወስነው እኛ ነን፤ በእግራችን፣ በመጥረቢያችንና በዕቅዳችን። ሱሉልታ ላይ ማሳውን የሚያርሰውና ልደታ ላይ ቧንቧ የሚከፍተው ሰው ላይተዋወቁ ይችላሉ። ዝናቡ በሸንተረሩ ላይ ሲወድቅ ግን የሁለቱንም ዓመት ይወስናል። ስለዚህ በዚህ ተራራ ላይ አንድ ዱካ በወጉ መጠገን የሁለቱንም ጎረቤቶች ቤት መጠገን ነው።